የከንቲባዋ ክርን

በትንሿ ከተማችን በሞስልፊንግ አንድ ከንቲባ ስንት መንገድ እንዳስጠገነ የሚያስታውስ ሰው የለም። የሚታወሰው በነሐሴ በሚከበረው በዓል የመጀመሪያውን የቢራ በርሜል በስንት ምት እንደከፈተ ነው። በርሜሉ የእንጨት ነው፤ በውታፍ የተደፈነ ቀዳዳ አለው። ከንቲባው በግራ እጁ የናስ ቧንቧውን ውታፉ ላይ ይደግናል፣ በቀኙ በእንጨት መዶሻ ይመታዋል። ቧንቧው ውታፉን ወደ ውስጥ ገፍቶ ሲገባ ቢራው ይቀዳል። የሳተ እንደሆነ ቢራው ከፊት የተቀመጡትን ሹማምንት ያጥባቸዋል። ድንኳኑን የሞላው ሕዝብ ደግሞ ምቱን አንድ በአንድ ጮክ ብሎ ይቆጥራል።

ሞኝነት ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ እኛ ግን እንዲህ ነን። በአባቶቻችን ዘመን አንድ ደግ ከንቲባ ነበረን። ንጹሕ ውሃ ያስገባልን፣ ድልድዩን ያሠራልን እሱ ነው። አንድ ዓመት ቧንቧው አልገባ ብሎት አሥራ አንድ ጊዜ መታ። ዛሬ ድልድዩን ማን እንዳሠራው የሚያውቅ የለም፤ መቃብሩን ግን ልጆች ሳይቀሩ «የአሥራ አንዱ መቃብር» ይሉታል።

ኮርቢኒያን ታልሃመር ከንቲባ በነበረበት ዘመን ሁሉ ቁጥሩ ሁለት ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ አለቀ። ከዚያ ረጅም ጢሙን ጠረግ አድርጎ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያነሳል። ባለፈው ዓመት ግን ከበዓሉ በኋላ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር፣ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅና ማንም ሳይገፋው «ንቦቼን ልንከባከብ ነው» ብሎ ለቀቀ። ከተማው አፉን ይዞ ቀረ። በምርጫው የዘርና የከብት መኖ ሱቅ የነበራት ሮስቪታ አንገረር አሸነፈች። በሞስልፊንግ ሴት ከንቲባ ስትሆን የመጀመሪያዋ ናት።

«ሮስቪታ ጎበዝ ናት» አለ ኮርቢኒያን በምርጫው ማግስት፣ ከወዳጆቹ ጋር በሚቀመጥበት የቢራ ቤት ጠረጴዛ። «ሒሳብ ታውቃለች፣ ሰው ታውቃለች። ክንዷ ግን የሊጥ ክንድ ነው።»

የቢራው አረፋ ሳይወርድ ወሬው ሮስቪታ ጆሮ ደረሰ።

ደሟ ፈላ። ሌላ ሰው ደሙ ሲፈላ ይሳደባል፤ ሮስቪታ ሥራ ታበዛለች። ጠማቂው ኪሊያን ጋ ሄዳ በርሜል እንዳትጠይቅ የኪሊያን አፍ ወንፊት ነው። ስለዚህ ከሩቅ ወረዳ አሮጌ በርሜልና ቧንቧ ገዝታ፣ በጨርቅ ሸፍና አምጥታ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው ጎን አቆመችው። ውሃ ሞላችበት። ባሏ ሉድቪግ ከማገዶ እንጨት ውታፍ እየቀረጸ ያቀርብላታል። ጎረቤት እንዳይሰማ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል ጠብቃ ነው የምትመታው። ቄሱ ምእመኑን ሲጠራ እሷ ከውታፍ ጋር ትታገላለች።

የእኛ አገር ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር አልሆን ካለን አብዝተን እንሠራዋለን፤ እረፍት የተፈጠረው ለበሽተኛና ለዋና ከተማው ለበርሊን ሰው ይመስለናል። ሮስቪታም በረዶው ሳይቀልጥ በስምንት የጀመረችውን ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት አወረደችው። ሦስት የገባላት ቀን ምድር ቤት ውስጥ ብቻዋን ጨፈረች። በሳምንቱ የቡና ማንቆርቆሪያ ልታነሳ ስትል ክርኗ ላይ የጋለ ሚስማር የተሰካባት መሰላት፤ ማንቆርቆሪያው ከእጇ ወደቀ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የክርኗን ውጫዊ አጥንት በአውራ ጣቷ ጫን ስትለው ሮስቪታ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የቴኒስ ክርን ነው» አለች ሐኪሟ።

«ቴኒስ? እኔ ቴኒስ በቴሌቪዥንም አላይ!»

«የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ቴኒስ የማይጫወቱትን ነው። ቀለም ቀቢ፣ ሥጋ ቆራጭ፣ አናጺ… እርስዎስ በዚህ ክንድ ምን ሲሠሩ ከረሙ?»

«እጽፋለሁ» አለች ሮስቪታ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአፅም ሥዕል እያሸሸች።

«ብዕርዎ ከባድ መሆን አለበት» አለች ሐኪሟ፤ ሌላም አልጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከረችው የለም። ማሰሪያ፣ ቅባት፣ ማሻሸት፣ የጅማት ማፍታታት፣ በመጨረሻም መርፌ። መርፌው ለጥቂት ሳምንታት አስታገሰላትና ሕመሙ ዘመድ ይዞ ተመለሰ። በር መክፈት ያማታል፣ ፀጉር ማበጠር ያማታል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የከንቲባ ሥራ ግማሹ እጅ መጨባበጥ ነው። በከተማው ሰማንያ የሞላው ሰው ሁሉ ልደቱ ሲከበር ከንቲባዋ ስጦታ ይዛ መሄድ አለባት። የእኛ ገበሬ ደግሞ ሰማንያ ቢሞላውም እጅ ሲጨብጥ ጥጃ የሚጎትት ነው የሚመስለው። ሮስቪታ በየደጁ ፈገግ እያለች ትገባለች፣ መኪናዋ ውስጥ ተመልሳ እጇን ታቅፋ ታለቅሳለች።

ለባሏ ብቻ ነገረችው።

«ከበዓሉ በፊት እለቃለሁ፣ ሉድቪግ። መድረክ ላይ ከምዋረድ በፈቃዴ ልውረድ።»

«ለአንድ ውታፍ ብለሽ?»

«የምታወሰው በአንድ ውታፍ ነዋ! በሌላ በምን ይመስልሃል?»

ሉድቪግ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ነገር አያበዛም። ይህን ሲሰማ ግን የበላበትን ሳህን እየገፋ «ይህን ሥራ ከያዝሽ ወዲህ ጠዋት እያፏጨሽ ነው የምትነሺው። ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ስኖር ስታፏጪ ሰምቼሽ አላውቅም» አላት።

እውነቱን ነው። በአጥር የሚካሰሱ፣ ስለ ቦይ የሚጣሉ፣ የልጃቸውን ነገር ሊያማክሩ የሚመጡ ሰዎች ቢሮዋ ደጃፍ ሲሰለፉ ሮስቪታ በአምሳ አራት ዓመቷ ለምን እንደተፈጠረች ያወቀች ያህል ይሰማት ነበር። ያን ትታ ወደ መኖ ከረጢቶቿ መመለስ እንደ ቅጣት ነበር የሚታያት።

በግንቦት ሐኪሟ «አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የጨረር ሕክምና» አለቻት።

ሮስቪታ ፊቷ ነጣ። «ካንሰር ነው እንዴ? ደብቀውኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ክርን ነው አልኩዎት። ለካንሰር ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እኛ አገር ለተረከዝም፣ ለክርንም፣ ለአውራ ጣትም ከአያቶቻችን ጊዜ ጀምሮ ይሰጣል። ለልጅ እግር አላዝም፤ እርስዎ ግን ዕድሜዎ ይፈቅዳል።»

«በደግነት ነው አርጅተሻል ያሉኝ።»

«በደግነት ነው» አለች ሐኪሟ። «አንድ ነገር ብቻ ይወቁ። ሁሉንም አያድንም፣ ብዙውን ግን ያሽላል። መጀመሪያ ላይ ሊብስብዎት ይችላል። የሚያሽልዎትም ቶሎ አይደለም፤ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ትዕግሥት አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይበደሩ።»

የጨረር ክፍሉ በወረዳው ከተማ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሮስቪታ የባሏን ባርኔጣ እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ ሄደች። ከንቲባዋ ጨረር ልትታከም ገባች የሚል ወሬ ሞስልፊንግ ከደረሰ ሬሳ ሣጥኗን ሳይቀር ያዝዙላታል። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ የሚያንቀላፋ ሽማግሌ፣ ፀጉሯ የረገፈ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ እና ስለ ዓሣ ማጥመድ የሚያወራ መጽሔት ፊቱ ላይ የዘረጋ ሰው። ከመጽሔቱ ግራና ቀኝ የሰውየው ጢም ጫፎች ብቅ ብለዋል። ያን ጢም በወረዳው የማያውቀው የለም።

ሮስቪታ ቆመች። ወራት ሙሉ ያን ጢም በሐሳቧ ስትነጨው ከርማለች፤ አሁን ግን የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ለካ ለዚህ ነው የለቀቀው! ንቦች ብሎ የደበቀን ካንሰሩን ነው! አምላኬ፣ እሱንስ አይሁን! ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኮርቢኒያን» አለች ቀስ ብላ።

መጽሔቱ ወረደ። ሰውየው ባርኔጣውን አየ፣ መነጽሩን አየ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለችውን ሴት አወቃት። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ።

«ሮስቪታ… አንቺ እዚህ?» አለና ቀኝ እጇን ይዞ በርኅራኄ ጨመቃት።

«ዋይ!» አለች እሷ።

«ዋይ!» አለ እሱም በዚያው ቅጽበት።

ሁለቱም እጃቸውን ነጥቀው ክርናቸውን ያዙ። ተያዩ።

«ምንሽን ነው?» አለ እሱ።

«ክርኔን። አንተስ?»

ኮርቢኒያን ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ ብሎ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ማሰሪያ የተጠመጠመበትን ክርኑን አሳያት። በሞስልፊንግ በአንድ ጠረጴዛ ቢራ የጠጣ ሰው ሁሉ አንተ አንቺ ነው የሚባባለው፤ እርስዎ የሚባለው ሐኪምና ግብር ሰብሳቢ ነው። ሆኖም በዚያች ሰዓት ሮስቪታ ይህን ሰው ምን ብላ እንደምትጠራው ጠፋት። መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጣት። እሱም ጢሙን ነክሶ ሊይዘው ሞከረና አቃተው። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ሻሽ ያሰረችው ሴት ቀና ብላ አየቻቸው። ያኔ የት እንዳሉ ትዝ አላቸውና ክው አሉ።

«ይቅርታ፣ እመቤት» አለች ሮስቪታ። «ነውር ነው። እኛ… እኛ ለክርን ነው የመጣነው።»

«ለምን?»

«ለክርን።»

ሴትየዋ የሁለቱንም ክርን ተራ በተራ አየች። ከዚያ እሷም ሳቀች፤ ከሁለቱ ይበልጥ ሳቀች። «እዚህ ክፍል ውስጥ ለክርን የሚመጣ ሰው አለ? ተመስገን! እኔ እኮ እዚህ የሚገባ ሁሉ እንደኔ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሳቁ፣ እባካችሁ ሳቁ።» የሚያንቀላፋው ሽማግሌ ነቅቶ «ማን አሸነፈ?» አለ።

ሕክምናው ለቅሶና ባርኔጣ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ባለሙያዋ ሮስቪታን አስቀምጣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አጋደመችላት፣ ክርኗ ላይ በቀለም ምልክት አደረገች፣ በከባድ መከላከያ ሽርጥ ሸፈነቻትና ወፍራሙን በር ዘግታ ወጣች። ማሽኑ ትንሽ እዝዝ አለ። ሮስቪታ አባታችን ሆይን ጀምራ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ።

«አለቀ» አለች ባለሙያዋ።

«ይኸው ነው? ምንም አልተሰማኝም እኮ!»

«ምንም ሊሰማዎት አይገባም። ከነገ ወዲያ ደግሞ ይመጣሉ።»

ሲወጡ ኮርቢኒያን ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለው ዳቦ ቤት ገብተው ብሬጸል የሚባለውን ቁልፍልፍ ዳቦ ቅቤ አስቀብተው አዘዙ። ሁለቱም በግራ እጃቸው መብላት ስላልለመዱ ፍርፋሪው ጠረጴዛውን ሞላው።

«እኔስ በንዴት ነው» አለች ሮስቪታ። «የሊጥ ክንድ ነው ብለሃላ። ምድር ቤት በርሜል ገትሬ ስቀጠቅጥ ከረምኩ።»

«በርሜል?»

«በደወል ሰዓት።»

ኮርቢኒያን አፉን ከፍቶ አያት። «እኔ ደግሞ ጎተራዬ ውስጥ ነበር፤ የትራክተሬን ሞተር አስነስቼ።» ሊስቅ ጀመረና ተወው። «ለሁለት ምት ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስመታ ነው የኖርኩት። መጀመሪያ ዓመት ሁለት የገባልኝ በአጋጣሚ ነበር። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በአጋጣሚ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ማለት ሞት ሆነብኝ።»

«ታዲያ እስከ መጨረሻው ሁለት ነበር።»

«ያለፈው ዓመት ሁለት መትቼ፣ ብርጭቆዬን አንስቼ፣ ለሕዝቡ ሰላምታ ሰጥቼ፣ ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ከሕመሙ ብዛት አስመለስኩ። ከዚያ ለቀቅኩ። ንብ ያልኩት ውሸት ነው። ንቦቹን ባለቤቴ ናት የምትንከባከባቸው።»

ሮስቪታ ብሬጸሏን አስቀመጠች። «ሐኪም ጋ አልሄድክም?»

«ከንቲባውን የቴኒስ ክርን ይዞታል ሊባል? በዚያ የቢራ ቤት ጠረጴዛ ላይ? እኔ ራሴ ብሰማ በሳቅ አልሞትም ነበር? ባለቤቴ ናት ዘንድሮ የማር ሣጥን ማንሳት ሲያቅተኝ አይታ ጎትታ ያመጣችኝ።» በመስኮቱ ወደ ሆስፒታሉ ተመለከተ። «መጥፎው ነገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሐኪሙ በአንድ ደቂቃ ነው የነገረኝ። ይህ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ይድንበታል አለኝ። ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ዛሬም ቢሮዬ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው እነሳለሁ፣ እላጫለሁ፣ ከረባቴን አስራለሁ። ባለቤቴ ወዴት ነው ስትለኝ ከረባቱን እፈታለሁ።»

ሮስቪታ ስትጠላው የኖረችው ሰውዬ ፊቷ ተቀምጦ በግራ እጁ ፍርፋሪ እየሰበሰበ ነው። «እኔም ልለቅ ነበር» አለችው። «ለሉድቪግ ነግሬዋለሁ።»

ኮርቢኒያን ቀና አለ። «ለቀሽ?»

«ገና።»

«እንዳታደርጊው። ሰማሽኝ? ያን በርሜል ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ አውጪው። እስከ በዓሉ መዶሻ ብትነኪ ራሴ መጥቼ ክንድሽን እሰብረዋለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?» አለችው።

ሕክምናው ሲያልቅ ክርኗ ባሰባት። ሐኪሟ ነግራት ነበር፤ ቢሆንም ሕመሙ ሲመጣ የተነገረን ነገር ማን ያስታውሳል? ሰኔ በሙሉ ማታ ማታ ክርኗን በበረዶ ታቅፋ ሉድቪግን ስታማርር ከረመች። ኮርቢኒያን በየሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ብቅ ይላል፤ ለሰው የማር ሽያጭ ፈቃድ ጉዳይ ነው ይላል። በሩን ዘግቶ «እንዴት ነው?» ይላታል፣ «ያው ነው» ትለዋለች፣ «የእኔም» ይልና ይወጣል። ጸሐፊዋ ስለ ማር ይህን ያህል የሚያነጋግረው ምን እንደሆነ አልገባትም።

ያ ቀን መቼ እንደመጣ ሮስቪታ ራሷ አታውቀውም። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ የወጥ ቤቱን ወለል ወልውላ፣ ጨርቁን ጨምቃ፣ ባልዲውን ደፍታ፣ ድስት ሙሉ ድንች ከእሳት አውርዳ ውሃውን አጠለለች። ድንቹን መላጥ ጀምራ ግማሽ ከደረሰች በኋላ ቢላዋው እጇ ላይ እንዳለ ቀረ። ጨርቁን ጨምቄዋለሁ። ድስቱንም አውርጃለሁ። በየትኛው እጄ? ተነስታ ባዶውን ድስት በቀኝ እጇ አነሳችው፣ አወረደችው፣ ደግማ አነሳችው። ቀላል መጎተት አለ እንጂ ሚስማሩ የለም። ክንዷን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ጣቶቿን ጨበጠች።

«ሉድቪግ!» ብላ ጮኸች።

ሉድቪግ ሰው የሞተ መስሎት ከጓሮ እየሮጠ ገባ። ሚስቱ ድስት ይዛ ታለቅሳለች።

«ምነው? ተቃጠልሽ?»

«አላመመኝም» አለች። «ሉድቪግ፣ እኔ እኮ አላመመኝም!» ደስታዋ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም። ለወራት ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነስቶ ሄደ፤ አየር ወደ ውስጧ ሲገባ ይሰማት ነበር። ሉድቪግ ድስቱን ተቀብሎ አስቀመጠና አቀፋት፤ ድንቹ በዚያ ቀን ሳይላጥ ዋለ።

ቢሆንም መዶሻ አልነካችም። ድስት ሌላ፣ መዶሻ ሌላ ነው።

የነሐሴው በዓል ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። የጡሩምባው ባንድ ነፍቶ ነፍቶ ዝም ሲል ኪሊያን በርሜሉን መድረክ ላይ አቆመ። ከፊተኛው ረድፍ የተቀመጡ ሹማምንት ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ሳብ አደረጉ፤ ሮስቪታ አየቻቸው። ኮርቢኒያን ከጓደኞቹ ጋር ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ፊቱ የእሷን ያህል ነጥቷል። የባህል ቀሚሷ ላይ የቆዳ ሽርጥ ታጥቃ ቧንቧውን ደገነች። መዶሻውን አነሳች። ከልቤ ስመታ ያ ሚስማር ቢመለስስ? መዶሻው ከእጄ ቢወድቅስ?

መታች።

«አንድ!» አለ ድንኳኑ። ቧንቧው ገባ አለ እንጂ አልዘለቀም።

«ሁለት!» አረፋ በጎን ፊጭ ብሎ አፍንጫዋን መታት። ሕዝቡ «ኡኡ» አለ፤ ከኋላ አንዱ «ፎጣ አቀብሏት!» ብሎ ጮኸ፣ ሳቅ ሆነ።

ሮስቪታ ሳቁን አልሰማችውም። ክርኗን እያዳመጠች ነበር። ሕመሙን ጠበቀችው፤ አልመጣም። ያኔ ሁለት ነው ሦስት ነው የሚለው ነገር ከሐሳቧ ወጣ። ክንዷን እስከ ኋላ ስባ እንደ ልቧ አሳረፈችው።

«ሦስት!»

ቧንቧው ጥርቅም ብሎ ገባ። «ተከፈተ!» ብላ ጮኸች፤ ባንዱ ቀለጠ፣ ሕዝቡ ጠረጴዛውን ደበደበ። ሦስት ሁለት አይደለም፤ ግን አሥራ አንድም አይደለም። አንድ ገበሬ ከወንበሩ ላይ ቆሞ «በዚህ ክንድ ሊጥ አይቦካም፣ ድንጋይ ነው የሚፈለጥበት!» አለ። ሮስቪታ ከንፈሯ ላይ ያለውን አረፋ እየላሰች፣ እየሳቀች፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልታ በቀኝ እጇ አነሳችው። ከባድ ነው፤ አላመማትም። ዓይኗ ኮርቢኒያንን ፈለገው። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከድንኳኑ ጀርባ አገኘችው። ኪሊያን ሁለተኛውን በርሜል ለመክፈት ሽርጉድ ይላል። ሁለተኛው በርሜል ሥነ ሥርዓት የለውም፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አይቆጥረውም፣ ጠማቂው መትቶ ይከፍተዋል፣ በቃ። ኮርቢኒያን እጁን ኪሱ ከትቶ አጥሩን ተደግፎ ያያል።

«አመመሽ?» አላት።

«ምንም።»

«ተመስገን» አለና ፊቱን አዞረ። ዓይኑን ሲጠርግ ግን አየችው።

«የአንተስ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው ከተወኝ። አልነገርኩሽም፤ ያንቺ ሳይድን ቢቀር ብዬ ፈራሁ።»

ሮስቪታ የኪሊያንን መዶሻ ከእጁ ነጥቃ ለኮርቢኒያን ዘረጋችለት።

«እረፊ፤ የእኔ ጊዜ አለፈ።»

«ሕዝቡ ተጠምቷል፣ ኮርቢኒያን። በንብ ነው የምናጠጣው?»

«ከንቲባዋ አንቺ ነሽ።»

«ከንቲባዋ ናት ምታ የምትልህ።»

ኮርቢኒያን መዶሻውን ተቀበለ። በእጁ መዘን መዘን አደረገው፤ ቧንቧውን ደገነ። ወደ ድንኳኑ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ሮስቪታ። መታ። ደገመ። ሠለሰ። ፊቱ ቀስ በቀስ እየተፈታ ሄደ። ቧንቧው ከገባ በኋላም አንድ ጊዜ ጨመረለት፤ ዝም ብሎ፣ ደስ ስላለው። ቢራው ጢሙን አርሶት ክንዱን እያጠፈና እየዘረጋ እንደ ሕፃን ሳቀ።

«ስንት ሆነ?» አለ በድንገት።

ኪሊያን አፉን ከፈተ። ሮስቪታ እግሩን ረገጠችው።

«ማን ቆጠረ?» አለች።

ኮርቢኒያን አያት። ጢሙን በቀኝ እጅጌው ጠረገና ወደ ኪሊያን ዞረ።

«ሦስተኛው በርሜል የታለ?»